የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ተማሪ ሳለሁ የሠራሁት ሥራ ለካናዳ ቋሚ ነዋሪነት ይቆጠርልኛል?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ የሚያነሡት ተመሳሳይ ጉዳይ ስለሆነ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጠያቂዎቹ ስማቸው እንዳይወጣ ስላሳሰቡን የከተማቸውን ስም ብቻ ጠቅሰናል፤ ደብዳቤዎቹንም ፍሬ ነገራቸውን ሳንነካ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ ከካልጋሪ

«ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። 30 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ቀን ቀን እየሠራሁ በማታው የኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በአካውንቲንግ በዲግሪ ተመርቄአለሁ። መጀመሪያ አንድ ዓመት ያህል የባንክ ቴለር ነበርኩ፤ ከዚያም ከጥቅምት 1 ቀን 2012 እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2014 ዓ.ም. በአንድ አስመጪ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። ካልጋሪ የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ2023 ለሁለት ዓመት ዲፕሎማ ነው። በትምህርቱ ጊዜ በሕግ በተፈቀደው መሠረት በሳምንት 20 ሰዓት በአንድ አነስተኛ የሒሳብ ቢሮ ውስጥ ቡክኪፐር (የሒሳብ መዝገብ ያዥ) ሆኜ ሠርቻለሁ፤ በመካከሉም የአራት ወር የኮ-ኦፕ (የትምህርቱ አካል የሆነ) ሥራ ነበረኝ። ትምህርቴን ጨርሼ የድኅረ ምረቃ የሥራ ፈቃድ ካመለከትኩ በኋላ እ.ኤ.አ. ከሜይ 5 ቀን 2025 ጀምሮ በዚያው ቢሮ በሙሉ ሰዓት እየሠራሁ ነው፤ ፈቃዱ እጄ የገባው ግን በኦገስት ነው። ሁሉንም ስደምረው ከአንድ ዓመት በላይ ይሆናል። ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ‹አሁኑኑ አመልክቺ› ይሉኛል፤ ሌሎቹ ደግሞ ‹ተማሪ ሆነሽ የሠራሽው ሁሉ ከንቱ ነው› ይላሉ። የትኛውን ልስማ?»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ወገኖች የነገሩዎት ግማሹን ነው። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆነው የሠሩት ሥራ ካናዲያን ኤክስፒሪየንስ ክላስ በተባለው የቋሚ ነዋሪነት መርሐ ግብር በኩል አይቆጠርልዎትም፤ ፌደራል ስኪልድ ወርከር በተባለው ሌላ መርሐ ግብር በኩል ግን ሊቆጠርልዎት ይችላል። ግራ መጋባቱ የሚመጣው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2015 ጀምሮ ሁለቱም መርሐ ግብሮች ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው አንድ የማመልከቻ ሥርዓት ውስጥ ስለሚስተናገዱ ነው። አመልካቹ የሚሞላው ፕሮፋይል አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ መርሐ ግብር የሚመዝነው በየራሱ ደንብ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ጓደኛዎ በአንደኛው የተሳካለትን ታሪክ ሲነግርዎ፣ ሌላው ደግሞ በሁለተኛው የተመለሰበትን ሲነግርዎ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ካናዲያን ኤክስፒሪየንስ ክላስ የሚጠይቀው ማመልከቻው ከመቅረቡ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ውስጥ ካናዳ ውስጥ በሕጋዊ ፈቃድ፣ በደመወዝ፣ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ የተገኘ ቢያንስ የአንድ ዓመት ልምድ ነው። አንድ ዓመት ማለት በሳምንት 30 ሰዓት ታስቦ 1,560 ሰዓት ነው። የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ደንቡ አንቀጽ 87.1 ደግሞ አመልካቹ በሙሉ ጊዜ ትምህርት ላይ የነበረበት የሥራ ዘመን በዚህ ስሌት ውስጥ እንደማይገባ በግልጽ ይደነግጋል። ኮ-ኦፑም የሚወድቀው በዚሁ ነው፤ ለብቻው የሥራ ፈቃድ የተሰጠበት፣ ደመወዝ የተከፈለበትና በቀን ስምንት ሰዓት የተሠራ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። ግብር መክፈልዎና በየዓመቱ የቲ4 ቅጽ (ከአሠሪ የሚሰጥ የደመወዝና የግብር መግለጫ) መቀበልዎ ሥራው ሕጋዊ እንደነበር ያስረዳል እንጂ የተማሪነቱን ዘመን ወደ ሚቆጠር ዘመን አያሻግረውም።

ይህ ድንጋጌ ተማሪውን እንደሚጎዳ እኔም አምናለሁ። ከክፍል ወጥቶ ማታ የደንበኛን ሒሳብ የሚያስታርቅ ተማሪ የሚሠራው፣ ጠዋት ገብቶ ያንኑ ሒሳብ ከሚያስታርቀው ባልደረባው የተለየ ሥራ አይደለም። ሆኖም ማመልከቻ የሚመዘነው ደንቡ በሚለው ስለሆነ በዚህ ላይ ተስፋ እንዲጥሉ አልመክርዎትም።

በሌላ በኩል ከጻፉልን ውስጥ እርስዎ ልብ ያላሉት መልካም ነገር አለ። ብዙዎች የሥራ ዘመናቸውን መቁጠር የሚጀምሩት የድኅረ ምረቃ የሥራ ፈቃዱ ወረቀት እጃቸው ከገባበት ቀን ነው። ነገር ግን ትምህርቱን ማጠናቀቁ የተረጋገጠለት ተማሪ፣ የትምህርት ፈቃዱ ሳይቃጠል ለሥራ ፈቃዱ ካመለከተና ተማሪ ሳለ የተፈቀደለትን ሰዓት ካላለፈ፣ ውሳኔው እስኪመጣ በሙሉ ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል፤ በዚህ መሐል የሚሠራውም ተማሪነቱ ካበቃ በኋላ በሕጋዊ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ዓመት የተጀመረው በኦገስት ሳይሆን በሜይ 5 ነው፤ የሚሞላውም እ.ኤ.አ. በሜይ 2026 መጀመሪያ ላይ ነው። ይህን ለማስረዳት ኮሌጅዎ የሰጠዎትን የማጠናቀቂያ ደብዳቤ፣ ማመልከቻው የገባበትን ቀን የሚያሳየውን ማረጋገጫና የሜይን የደመወዝ ወረቀት አንድ ላይ ያስቀምጡ። ከ30 ሰዓት በላይ መሥራት ዓመቱን እንደማያሳጥረው ግን ይወቁ፤ በሳምንት 60 ሰዓት የሠራ ሰው በስድስት ወር አንድ ዓመት አይሞላለትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው መርሐ ግብር እንለፍ። ፌደራል ስኪልድ ወርከር የሚጠይቀው ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ በአንድ ዓይነት ሙያ ሳይቋረጥ የተሠራ ቢያንስ የአንድ ዓመት ሥራ ነው። ሥራው የትም አገር ሊሠራ ይችላል፤ አሜሪካ ተምሮ በኦፒቲ (ለውጭ አገር ተማሪዎች በሚሰጠው የአሜሪካ የሥራ ፈቃድ) የሠራ ወገናችንም በዚሁ ይስተናገዳል። ተማሪነት እዚህ ዕንቅፋት አይሆንም፤ ሥራው ደመወዝ የተከፈለበት፣ ያልተቋረጠና ሌሎቹን መመዘኛዎች የሚያሟላ ከሆነ ሠራተኛው በወቅቱ ተማሪ መሆኑ አያስጥለውም። ሥራው የትርፍ ሰዓት ከሆነም ተመጣጣኙ ይሰላል፤ በሳምንት 15 ሰዓት ለ24 ወራት የሠራ ሰው 1,560 ሰዓት ይሞላለታል። በመሆኑም አዲስ አበባ ቀን ሥራ ውለው ማታ ኤክስቴንሽን ይማሩ በነበረበት ጊዜ የሠሩት ሥራ፣ ዲግሪውን ከመያዝዎ በፊት የተሠራውም ጭምር፣ እዚህ ቦታ አለው። በአገራችን እንዲህ ተምሮ የተመረቀው ሰው ብዛት ሲታሰብ ይህን ባለማወቅ ስንቱ ዓመቱን ሳያስቆጥር እንደቀረ መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ ግን ሁለቱን የአዲስ አበባ ሥራዎችዎን መለየት ያስፈልጋል። ካናዳ ሙያዎችን የምትመድበው ኖክ በተባለው መዝገብ ሲሆን፣ ባለአምስት አኃዙ የሙያ መለያ ሁለተኛው ቁጥር የሥራውን ደረጃ ያሳያል፤ ለሁለቱም መርሐ ግብሮች የሚያበቁት 0፣ 1፣ 2 እና 3 ናቸው። የባንክ ቴለር በ64400 ሥር ስለሚመደብ ደረጃው 4 ነው፤ ስለዚህ ያ ዓመት ለየትኛውም አይሆንም። ቡክኪፐር 12200 ነው፤ ደረጃው 2 ስለሆነ ይቆጠራል። አሳሳቢው «የሒሳብ ሠራተኛ» የሚለው መጠሪያ ነው። ይህ የአማርኛ ስም 11100 የተባለው አካውንታንት፣ ወይም 12200፣ ወይም ደግሞ ደረጃው 4 የሆነው 14200 የሒሳብ ክለርክ ሊሆን ይችላል። መርማሪው የሚያየው መጠሪያውን ሳይሆን በደብዳቤው ላይ የተዘረዘረውን ተግባር ነው፤ መዝገብ ይይዙ፣ የባንክ ሒሳብ ያስታርቁ፣ ደመወዝ ያዘጋጁና የተጨማሪ እሴት ታክስ ያስታውቁ ከነበረ ይህ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መውጣት አለበት።

ነጥቡንም አብረን እናስላው። ፌደራል ስኪልድ ወርከር ከ100 ቢያንስ 67 ይጠይቃል። ዕድሜዎ 12 ያስገኝልዎታል። የአዲስ አበባው ዲግሪ በትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት አቻነቱ ከተረጋገጠ ከካልጋሪው ዲፕሎማ ጋር ተዳምሮ 22 ይሆናል። የሁለት ዓመቱ የሒሳብ ሥራ 11፣ ካናዳ ውስጥ ሁለት ዓመት በሙሉ ጊዜ መማርዎ 5 ያመጣል። አይኤልትስ በተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በአራቱም ክፍል ልክ 6 ቢያመጡ 16 ያገኛሉ፤ ድምሩ 66 ይሆናል፤ በአንድ ነጥብ ይወድቃሉ ማለት ነው። ንባቡን ብቻ ከ6 ወደ 6.5 ከፍ ቢያደርጉ ግን 67 ይሞላል። ስለዚህ በዚህ ሰሞን ጉልበትዎን ማፍሰስ የሚገባዎ የተማሪነት ሰዓታትዎን በመደመር ላይ ሳይሆን በፈተናው ላይ ነው፤ የተማሪነቱ ሥራ ተቆጥሮ ልምድዎ ሦስት ዓመት ቢሆን እንኳ ለሁለትም ለሦስትም ዓመት የሚሰጠው ያው 11 ነጥብ ነው። ኮሌጅ ለመግባት የወሰዱት አካዳሚክ አይኤልትስ እንደማያገለግልም ያስታውሱ፤ የሚፈለገው ጄኔራል ትሬኒንግ የሚባለው ሲሆን ውጤቱም የሚጸናው ለሁለት ዓመት ነው። በዚህ መርሐ ግብር የመቋቋሚያ ገንዘብ ማስረጃ እንደሚጠየቁም ከወዲሁ ያስቡበት፤ በካናዲያን ኤክስፒሪየንስ ክላስ ግን ይህ አይጠየቅም። በሁለቱም በኩል ማለፍ ወደ ዕጩዎች ስብስብ ያስገባል እንጂ የማመልከቻ ግብዣ መድረሱን አያረጋግጥም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ውድድር ነው።

ከሁሉ ይበልጥ አጥብቄ የምናገረው ስለ ሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው። የአገራችን ደብዳቤ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን። ከላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል፤ ከዚያ «በድርጅታችን ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ተመድበው በወር ብር ይህን ያህል እየተከፈላቸው ሲያገለግሉ የቆዩ ሲሆን፣ የሚፈለግባቸውን የሥራ ግብር በወቅቱ የከፈሉ መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚል አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይከተላል፤ ከታች ክብ ማኅተምና ፊርማ አለ። አሠሪዎች ደብዳቤውን የሚያሳጥሩት በክፋት አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ደብዳቤውም ያንኑ ብቻ ያሟላል። ካናዳ ከዚህ በተጨማሪ ዋና ዋና ተግባራቱን፣ የሳምንቱን የሥራ ሰዓት፣ ጥቅማ ጥቅሙንና የፈራሚውን ማዕረግና አድራሻ ትጠይቃለች። የጎደለው «በሳምንት 48 ሰዓት» የምትለው አጭር ሐረግ ብቻ ብትሆንም እንኳ መርማሪው ሥራው የሙሉ ሰዓት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የዘመን አቆጣጠሩም አለ። ጥቅምት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2019 ነው፤ ጥቅምት 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኖቬምበር 9 ቀን 2021 ነው። ትርጉሙ ላይ ዓመተ ምሕረቱ እንዳለ ከተገለበጠ ሥራዎ ከ2012 እስከ 2014 እንደተሠራ ተደርጎ ይነበባል፤ ያኔ ከ10 ዓመቱ ወሰን ውጭ ይወድቃል። አሠሪዎ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ።

በመጨረሻም፣ አይቆጠርም ማለት አይጻፍም ማለት አይደለም። ቋሚ ነዋሪነቱን ሲያመለክቱ ያለፉትን 10 ዓመታት ያለ ክፍተት ማስረዳት ስላለብዎ የተማሪነቱ ሥራም፣ ኮ-ኦፑም፣ የባንኩም ሥራ በታሪክዎ ውስጥ መግባት አለባቸው። ነጥብ የሚጠየቀው ግን በሚቆጠረው ላይ ብቻ ነው። ሰዓቱንም እንዳለ ይጻፉ፤ ከግቢ ውጭ ለመሥራት የሚፈቀደው እ.ኤ.አ. እስከ ኖቬምበር 2024 መጀመሪያ በሳምንት 20 ሰዓት ነበር፣ ከኖቬምበር 8 ቀን 2024 ጀምሮ 24 ሆኗል፤ ለተወሰኑ ተማሪዎችም ገደቡ እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2024 ድረስ ተነሥቶ ነበር። ከወዳጅ የተገኘ ያልተሠራ ሥራ ደብዳቤ ወይም የተማሪነትን ዘመን መደበቅ እንደ ሐሰተኛ መረጃ ይቆጠራል፤ ሕጉ በአንቀጽ 40 የሚያስከትለውም የአምስት ዓመት እገዳ ነው። አንድ ዓመት ለመቆጠብ ብሎ አምስት ዓመት ያጣ ሰው በቅርብ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ነገሩን ያስረዘምኩት።

ጥያቄ ከጅማ

«በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በምሩቅ ረዳትነት ተቀጥሬ ሁለት ዓመት አስተማርኩ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ለሁለተኛ ዲግሪ ልኮኝ ሁለት ዓመት ተማርኩ፤ ደመወዜ አልተቋረጠም ነበር። ተመልሼ በሌክቸረርነት አንድ ዓመት ከሦስት ወር አስተምሬአለሁ። የተሰጠኝ ደብዳቤ ሁሉንም በአንድ ላይ ከአምስት ዓመት በላይ አገልግሎት ይለዋል። ለካናዳ አምስት ዓመት ብዬ ልሙላ? በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቴ ጊዜ የወጣሁት የአንድ ሴሚስተር ኢንተርንሺፕስ?»

መልስ

ወንድማችን፣ አምስት ብለው አይሙሉ። ደመወዝ መከፈሉ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ደንቡ የሚጠይቀው ለሙያው በመዝገቡ ላይ ከተዘረዘሩት ዋና ተግባራት አብዛኞቹን በእርግጥ መሥራትን ነው። በትምህርት ፈቃድ ላይ በነበሩበት ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲው ቦታዎን ጠብቆ ደመወዝዎን ከፍሎዎታል፤ እርስዎ ግን አላስተማሩም። ከላይ ለካልጋሪዋ እኅታችን እንደነገርናት በፌደራል ስኪልድ ወርከር ተማሪነት በራሱ ሥራን አያስጥልም፤ የእርስዎን ሁለት ዓመት የሚያስጥለው የሚቆጠር ሥራ ያልተሠራበት መሆኑ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዎን እየተማሩ ጎን ለጎን በደመወዝ አስተምረው ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር።

የቀረው ሥራዎ ግን ጠንካራ ነው። የምሩቅ ረዳትነቱ ተግባር ለ41201፣ የሌክቸረርነቱ ለ41200 የሚቀርብ ሲሆን የሁለቱም ደረጃ 1 ነው፤ እያንዳንዳቸውም ሳይቋረጡ ከአንድ ዓመት በላይ ተሠርተዋል። ድምሩ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ስለሚሆን 11 ነጥብ ያገኛሉ። አምስት ዓመት ቢሉ የሚጨምሩት ሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ ለዚያ ብለው ታማኝነትዎን ጥያቄ ውስጥ አያስገቡ። ይልቅስ የዩኒቨርሲቲውን የሰው ኃይል ክፍል ሦስቱን ዘመናት ለየብቻ ከፍሎ፣ የትምህርቱን ዘመን በስሙ ጠርቶ፣ የሳምንቱንም ሰዓት ጠቅሶ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። የማስተማሪያ ክሬዲቱ ብቻ ከተጻፈ ዝግጅቱ፣ ፈተና ማረሙና ተማሪ ማማከሩ ሳይታይ ስለሚቀር ከ30 ሰዓት በታች የሠሩ ይመስላል።

ኢንተርንሺፑ ያለ ደመወዝ ከነበረ አይቆጠርም። የኪስ ገንዘብ ተሰጥቶዎት ቢሆን እንኳ አንድ ሴሚስተር ብቻውን ያልተቋረጠ አንድ ዓመት አይሞላም።

ጥያቄ ከኤድመንተን

«ባለቤቴ የዶክትሬት ተማሪ ስለሆነ በእሱ በኩል ክፍት የሥራ ፈቃድ ተሰጥቶኝ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳት ነርስነት በሙሉ ሰዓት እሠራለሁ፤ ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ማታ ማታ ኮሌጅ ሁለት ኮርስ እወስዳለሁ። ይህ ትምህርት ሥራዬን ያበላሽብኛል?»

መልስ

እኅታችን፣ ከሥራ የሚያስቀንሰው የሙሉ ጊዜ ትምህርት ነው። ኮሌጁ የመዘገበዎ በትርፍ ጊዜ ተማሪነት ከሆነ ዘጠኙም ወር ለካናዲያን ኤክስፒሪየንስ ክላስ ይቆጠርልዎታል። በተቋም ውስጥ የሚሠራ ረዳት ነርስ በ33102 ሥር ስለሚመደብ ደረጃው 3 ነው፤ ለዚህ ደረጃ የሚጠየቀው ቋንቋም በካናዳ የቋንቋ መለኪያ 5 ብቻ ነው። በየሰው ቤት እየዞሩ የሚሠሩ ከሆነ ግን 44101 ይሆንና ደረጃው 4 ስለሚሆን አይቆጠርም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ከመቀየርዎ በፊት ይህን ያስቡ።

መጠንቀቅ ያለብዎ የኮርስ ቁጥር ሲጨምሩ ነው። ስንት ኮርስ ሙሉ ጊዜ እንደሚያሰኝ የሚወስነው ኮሌጁ ስለሆነ፣ ከሚቀጥለው ምዝገባ በፊት ሬጅስትራር ቢሮ ሄደው በየትኛው ስም እንደተመዘገቡ የሚገልጽ ደብዳቤ ያውጡ። የሙሉ ጊዜ ትምህርት ለመጀመር ካሰቡ የቀሩትን ሦስት ወራት ጨርሰው ይጀምሩ፤ 12ቱ ወር አንዴ ከሞላ በኋላ ተማሪ መሆንዎ የተሠራውን አያጠፋውም፤ ማመልከቻዎን እስከሚያስገቡ ድረስ ከሦስት ዓመቱ ወሰን እንዳይወጣ ብቻ ይጠብቁ።